ፍሬን ሲጮህ፣ መሪ ሲንቀጠቀጥ፣ ዲስክ ሲሰነጠቅ፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ስለ ዲስክ ፍሬን ጋራዥ ውስጥ የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ዲስኩ ተጣሟል፣ ቶርኖ ይግባ»፤ በማሽን ይላጥ ማለት ነው። ጮኸም ቶርኖ፣ አንቀጠቀጠም ቶርኖ፣ ሰማያዊ ነጠብጣብ አወጣም ቶርኖ። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። የባሰው ደግሞ ዲስኩ በተላጠ ቁጥር መሳሳቱ ነው። የሳሳ ዲስክ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ይሰነጠቃል።

ዲስክ ማለት ሸራው (ፍሬን ሲያዝ የሚፋተገው ክፍል) ከሁለት በኩል የሚቆነጥጠው የብረት ቀለበት ነው። ቀለበት ሲነካ ይደውላል፣ ሲዞር የጎደለ ቦታውን በየዙሩ ያሳብቃል፣ ሲግል ደግሞ ይለጠጣል። ከነዚህ ጠባዮች ጩኸት፣ መንቀጥቀጥና ስንጥቅ ይወለዳሉ። ሦስቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። ስለዚህ ክሪክ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ።

መጀመሪያ ይህን ፈትኑ፦ ከፍጥነቱ ጋር ይለወጣል?

ጭር ያለ መንገድ ፈልጉ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነዳችሁ ፍሬኑን ቀስ አድርጋችሁ ያዙ፤ እስክትቆሙ አትልቀቁት። መኪናው ሲዘገይ ምቱም አብሮ ከዘገየ፣ ነገሩ ከጎማው ዙር ጋር የተያያዘ ነው። የድምፁ ቅጥነት ሳይለወጥ እስከ መጨረሻው ያው ሆኖ ከጮኸ ግን ቀለበቱ ራሱ እየደወለ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የአንድ ተራ የቤት መኪና ጎማ በአንድ ዙር 2 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ 50 ላይ 7 ጊዜ። ዲስኩ አንድ ወፍራም ቦታ ካለው በየዙሩ አንዴ ይመታል። ይህን የምታውቁት በእጃችሁና በእግራችሁ ነው። የፍሬን ጩኸት ግን በሰከንድ ከ1,000 ጊዜ በላይ፣ አንዳንዴም እስከ 16,000 ጊዜ የሚርገበገብ ነገር ነው። የሁለቱ ርቀት ይህን ያህል ሰፊ ስለሆነ፣ ልብ ብሎ ላዳመጠ ሰው አንዱን ከሌላው ማምታታት ይከብዳል።

ምልክት፦ ቀጭን ጩኸት፣ በተለይ ቀስ ብሎ ሲቆም

ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ማየት ከፈለጋችሁ የቀዘቀዘ ዲስክ አውልቁና በመሃሉ ቀዳዳ በገመድ አንጠልጥሉት። ጠርዙን በመዶሻ እጀታ መታ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣና ይቆያል። በዚያ ቅጽበት ቀለበቱ ጠፍጣፋ አይደለም። ዙሪያው ተከፋፍሎ አንዱ ክፍል ወደ ግራ ሲጎብጥ ቀጣዩ ወደ ቀኝ ይጎብጣል፤ ወዲያው ይቀያየራሉ። በመካከላቸው ጭራሽ የማይነቃነቁ መስመሮች አሉ። እንቅስቃሴው በማይክሮን (በሚሊሜትር ሺህኛ) የሚለካ ስለሆነ በዓይን አይታይም።

ክብ ነገር አንድ ልዩ ጠባይ አለው። እንዲህ ያለው የንዝረት ቅርጽ መንታ ነው። አንዱ ቅርጽ በዙሪያው ትንሽ ዞር ሲል ሁለተኛው ይሆናል፤ ሁለቱም እኩል ድግግሞሽ (በሰከንድ የሚርገበገቡበት ብዛት) አላቸው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ብራያን እ.ኤ.አ. በ1890 የሚሽከረከር ደወል ድምፁ ለምን እንደሚዋልል ያስረዳው በክብ ነገር ላይ ከሚሄዱ እንዲህ ካሉ ንዝረቶች ተነስቶ ነው።

ሸራው ዲስኩን ሲነካ ፍትጊያው የሚቀራረቡ ንዝረቶችን እርስ በርስ ያያይዛቸዋል። ፍትጊያው አነስተኛ ሲሆን እያንዳንዱ ለየብቻው ይሞታል። ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ግን ሁለቱ አንድ ድግግሞሽ ላይ ይቆላለፋሉ። ከዚያ በኋላ አንዱ ሌላውን ይመግበዋል። ጉልበቱ የሚቀዳው ከሚዞረው ጎማ ነው። ንዝረቱ ሳይሞት እየገነነ ይሄዳል፤ መሐንዲሶች አለመረጋጋት የሚሉት ይህንን ነው። እርጥብ ጣት በብርጭቆ አፍ ዙሪያ ሲሄድ የሚወጣው ድምፅም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ጩኸት ብቻውን ፍሬኑ ደክሟል ማለት አይደለም። እንዲያውም በደንብ የሚይዝ ሸራ ይበልጥ ሊጮህ ይችላል። ንዝረቱም በማይክሮን ስለሆነ ጤነኛ ዲስክን አይሰብርም። ሁለተኛ፣ መፍትሄው ሦስት መንገድ ብቻ አለው፦ ፍትጊያውን መቀነስ፣ ንዝረቱን የሚውጥ ነገር መጨመር፣ ወይም የተቆላለፉትን ድግግሞሾች ማራራቅ። የምትከፍሉበት ሥራ ከነዚህ አንዱን ካላደረገ ጩኸቱ ተመልሶ ይመጣል። ችግሩ አዲስም አይደለም። ፍሬድሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1902 በእንግሊዝ የዲስክ ፍሬን ፓተንት ሲያወጣ ሸራው መዳብ ነበር፤ ብረት ለብረት ሲፋተግ የሚወጣው ጩኸት አስቸግሮ ነበር።

አሁን ወደ መኪናችሁ።

ጠዋት ጠዋት ብቻ ከጮኸና ከጥቂት መቆሚያ በኋላ ከጠፋ፣ ሌሊት የያዘው ስስ ዝገትና እርጥበት ነው። ክረምት ላይ ይብሳል። ምንም አታድርጉ። እውነቴን ነው፣ ለዚህ ተብሎ ዲስክ መንካት ኪሳራ ነው።

ፍሬን ሳትይዙ እየጮኸ፣ ስትይዙ ዝም ካለ ወይም ከተለወጠ፣ ሸራው ላይ ያለች ትንሽ የብረት ምላስ ዲስኩን እየነካች ሊሆን ይችላል። የተሠራችው ሸራው ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ሲቀረው እንድትጮህ ነው። ሸራ ለውጡ። ይህን ጩኸት በግራሶ ዝም ለማሰኘት የሚሞክር ሰው ካያችሁ መኪናችሁን ከእጁ ውሰዱ።

አዲስ ሸራ ከገባ ጀምሮ ከጮኸ ግን ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ጎማውን አውልቁና ካሊፐሩን (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) ነቅላችሁ የሸራውን ጀርባ ተመልከቱ። ከሸራው ብረትና ሸራውን ከሚገፋው ፒስተን መካከል የሚገባ፣ ላስቲክ የተለበጠበት ስስ ቆርቆሮ መኖር አለበት። ሸራ ሲቀየር ብዙ ጊዜ ይጣላል፤ ወይም አሮጌው ተጣሞ መልሶ ይገባል። ንዝረቱን የሚውጠው እሱ ነው። ከሌለ አስገቡለት። ከዚያ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች አውጡ። ከደረቁ ወይም ከዛጉ አንዱ ሸራ ዘግይቶ ይለቃል፤ ዲስኩንም አዘንብሎ ይነካዋል። አጽዱና ለፍሬን የተሠራ ሙቀት የሚችል ግራሶ ቀቡ። የሸራው ጆሮ የሚቀመጥበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ ጠርጉ፤ እዚያም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ዲስኩና የሸራው ፊት ላይ ጠብታ እንኳ እንዳይነካ። ከነካው ያ ሸራ አይሆንም።

ቀጥሎ የሸራውን መግቢያና መውጫ ጠርዝ እዩ። ጥግ ወጥቶለት ስለት ከሆነ በፋይል ትንሽ አዘንብሉት። ይህ ሸራው ዲስኩን የሚነካበትን ርዝመት ይለውጣል፤ ከሦስቱ መንገዶች ሦስተኛው ማለት ነው። የሸራው ፊት እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ጠፍጣፋ ነገር ላይ በተነጠፈ ብርጭቆ ወረቀት አደብዝዙት። አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። በተለይ ከአሮጌ መኪና የወጣ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ ለሳንባ አደገኛ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ከጮኸ ሸራውን በሌላ ዓይነት ለውጡ። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ስትገዙ ርካሽ ሸራ ሁሉ መጥፎ ነው፣ ውድ ሁሉ ጥሩ ነው ብላችሁ አትነሱ። ብረት የበዛበት ሸራ በአብዛኛው ይበልጥ ይጮኻል። ዋናው ነገር ለመኪናው የተሠራ፣ የጀርባ ቆርቆሮው አብሮት ያለ መሆኑ ነው።

አንዳንድ ፋብሪካዎች የዲስኩን ክብነት ሆን ብለው ትንሽ ያዛባሉ። ውስጥ ያሉትን የማቀዝቀዣ ክንፎች እኩል ባልሆነ ርቀት ያስቀምጣሉ። መንትያዎቹ ሲለያዩ መቆላለፍ ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ክንፎቹ እኩል ያልተደረደሩ ዲስክ ብታዩ «ፎርጅድ ነው» ብላችሁ አትጣሉት።

ምልክት፦ ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ፔዳሉ ይመታል

«ዲስኩ በሙቀት ተጣሟል» የሚባለው እዚህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አልተጣመመም። ውፍረቱ ነው ወጥ ያልሆነው። ከ0.01 እስከ 0.02 ሚሊሜትር ልዩነት ብቻ መሪ ላይ ሊታወቅ ይችላል። ወፍራሙ ቦታ በሸራዎቹ መካከል ባለፈ ቁጥር ፒስተኑን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ዘይቱ ፔዳሉን ይገፋል፤ እግራችሁ ይሰማዋል።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? በጥቂቱ እየተወዛወዘ ከሚዞር ዲስክ። ዲስኩ ሞዞው (ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበት የሚዞር ክፍል) ላይ ቀጥ ብሎ ካልተቀመጠ፣ ፍሬን ባልያዛችሁበት ጊዜ እንኳ በየዙሩ አንድ ቦታው ሸራውን ይልሰዋል። በመጀመሪያው ቀን ምንም አይሰማም። ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ያ ቦታ ይሳሳል፤ መንቀጥቀጡ ይጀምራል። ለዚህ ነው «ዲስክ ቀይሬ ለጥቂት ወር ጥሩ ነበር፣ ከዚያ ተመለሰ» የሚባለው። ዲስኩ አይደለም የተበላሸው፤ የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ሥራው ከሞዞው ይጀምራል። ዲስኩን አውልቁ። ሞዞው ላይ ያለውን ዝገት እስኪያበራ ድረስ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፤ በቡሎኖቹ ዙሪያ ያለውን ጥግ አትርሱ። እዚያ የቀረ ቅርፊት የሚፈጥረው ስህተት ዲስኩ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይጎላል፤ ምክንያቱም ጠርዙ ከመሃሉ ይርቃል። የዲስኩንም የውስጥ ፊት እንዲሁ። ከዚያ ዲስኩን በቡሎኖቹ አጥብቁትና ዲያል ጌጅ (ውዝዋዜን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ከጠርዙ ገባ ብሎ አስነክታችሁ በእጅ አዙሩት። በብዙ መኪኖች የተፈቀደው ውዝዋዜ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ነው። ካለፈ ዲስኩን ፍቱና አንድ ቡሎን ዞር አድርጋችሁ መልሳችሁ ግጠሙት። ስህተቱ ከዲስኩ ጋር ከዞረ ዲስኩ ነው፤ ባለበት ከቀረ ሞዞው ወይም ኩሽኔታው ነው። ይህን ሳይለካ ዲስክ የሚለውጥ መካኒክ በግምት እየሠራ ነው።

ውፍረቱን ማይክሮሜትር በሚባለው የውፍረት መለኪያ ዙሪያውን ስምንት ቦታ ለኩ። ልዩነት ካለና ዲስኩ ገና ወፍራም ከሆነ፣ እዚህ ላይ ቶርኖ ትክክል ነው። የሚፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት ዲስኩ ላይ ተቀርጿል፤ ከተላጠ በኋላ ከዚያ በላይ መቅረት አለበት። ከሁሉ የሚሻለው መኪናው ላይ እንደተገጠመ መላጥ ነው፤ መሣሪያው ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ጎሚስታ ቤት። ቡሎን በአየር ሽጉጥ ተራ በተራ በክብ ሲጠብቅ ዲስኩ አንድ ጎን ይጫናል። በተቃራኒ እያፈራረቁ በእጅ ያስጠብቁ፤ መጨረሻውን የጥብቀቱን ልክ በሚያሳየው ቁልፍ፣ በቶርክ ሬንች። ለብዙ ትንንሽ መኪኖች 100 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር የመኪናው መመሪያ ላይ አለ።

መሪው ፍሬን ሳይያዝም በከፍተኛ ፍጥነት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዲስኩን ተዉት፤ ጎማ ባላንስ አሠሩ።

ምልክት፦ ዲስኩ ላይ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ፣ ቁልቁለት ላይ ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥ

ይህም አለመረጋጋት ነው፤ ግን የሙቀት። ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ብዙ ጫና ይሸከማል። ብዙ ጫና ስለተሸከመ ይበልጥ ይግላል። ሲግል ይለጠጣል። ሲለጠጥ ይበልጥ ከፍ ይላል። ቀስ ብሎ ሲነዳ ሙቀቱ ወደ ጎን ተሰራጭቶ ይበርዳል፤ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ግን ለመሰራጨት ጊዜ አያገኝም። ነጠብጣቦቹ በቀለበቱ ዙሪያ ርቀት ጠብቀው የሚታዩትም ለዚህ ነው።

ነጥቡ ከ700 ዲግሪ በላይ ግሎ ቶሎ ከቀዘቀዘ የብረቱ ውስጣዊ አሠራር ይለወጣል፤ ያ ቦታ ከዙሪያው ይጠነክራል። ቶርኖ ላይ ስታስገቡት ቢላው ጠንካራው ላይ ይዘላል፣ ለስላሳውን ይልጣል። ጥንካሬው ወደ ውስጥ ስለሚገባ ከላይ ቢላጥም ነጠብጣቡ ይመለሳል። ስለዚህ ሰማያዊ ነጠብጣብ የያዘ ዲስክ አይላጥም፤ ይለወጣል። አብሮም ካሊፐሩ ተጣብቆ እንደሆነ እዩ። ከተጣበቀ አዲሱም ዲስክ ያው ዕጣ ይደርሰዋል።

ምልክት፦ ከመሃል ወደ ጠርዝ የሚሄድ ስንጥቅ

ይህን ችላ የምትሉት ነገር አይደለም። ከላይ ያሉት ገንዘብና ሰላም ይወስዳሉ፤ ይሄ ሕይወት።

ስንጥቁ የሚፈጠረው ዲስኩ ሲግል ይመስላል፤ ግን ሲቀዘቅዝ ነው። ፍሬን ሲያዝ የዲስኩ ገጽ በሰከንዶች ውስጥ ይግላል፤ ውስጡ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። ገጹ መለጠጥ ይፈልጋል፣ ውስጡ ይይዘዋል። ገጹ ይታመቃል። የዲስክ ብረት እመቃን በደንብ ይችላል፤ ግን የጋለው ገጽ ታምቆ ባጠረበት መጠን ይቀራል። ሲቀዘቅዝ አጥሮ ይገኛል፤ አሁን ውስጡ ይስበዋል። በስሌት ብናየው፣ 300 ዲግሪ ልዩነት ታፍኖ ከተያዘ ከ400 ሜጋፓስካል በላይ ጫና ይፈጥራል። ተራው የዲስክ ብረት በመሳብ የሚችለው ከ200 እስከ 250 ገደማ ነው። በአንድ ቀን አይሰነጠቅም። በተደጋገመ ቁጥር ግን ፀጉር የሚያክሉ መስመሮች ይወጣሉ፤ ከዚያ አንዱ ይረዝማል።

ቁጥሩ የእኛን አገር መንገድ ለሚነዳ ሰው ባዶ አይደለም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይወረዳል። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ለእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ወደ 15 ሚሊዮን ጁል ጉልበት መጣል አለበት። ሁሉም በፍሬን ቢጣልና ምንም ሙቀት ወደ አየር ባይወጣ፣ የአንድ ትንሽ መኪና ሁለት የፊት ዲስኮችን ለማቅለጥ ይበቃል። የሚያድናችሁ አየሩና ማርሹ ነው። አየሩ ደግሞ ደጋ ላይ ስስ ነው፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከ20 በመቶ በላይ ይሳሳል፤ ማቀዝቀዙም በዚያው ይቀንሳል። ስለዚህ እንጦጦንም ሆነ ጣርማ በርን ስትወርዱ ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ዝቅ አድርጉ። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ተጭናችሁ አትውረዱ፤ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፣ ይተንፍስ። ከወረዳችሁ በኋላ የጋለ ዲስክ ላይ ውኃ አትድፉ። ስንጥቅ የሚጠራው እሱ ነው።

ሲመረመር፣ ዲስኩን በጨርቅ ጠርጋችሁ በባትሪ ብርሃን ከጎን አብሩበት። ከዚያ ጥፍራችሁን ስንጥቁን አቋርጣችሁ ጎትቱ። ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ፣ ወይም ጠርዙ ጋ የደረሰ፣ ወይም ከቀዳዳ ተነስቶ ሌላ ቀዳዳ የነካ ካለ ያ ዲስክ አበቃለት። አንጠልጥላችሁ ብትመቱት ደግሞ ክፉኛ የተሰነጠቀው አይደውልም፤ ደነዝ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ትንሹ ስንጥቅ ግን በድምፅ አይለይም፤ ስለዚህ ደወለ ብላችሁ አትተማመኑ። ስንጥቅን ቶርኖ አያድነውም፤ ብየዳማ ጭራሽ።

የኤሌክትሪክ መኪና ላላችሁ

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። የኤሌክትሪክ መኪና አብዛኛውን መቆም በሞተሩ ስለሚሠራ ዲስኩ ብዙ አይሠራም፤ ይዝጋል፣ ይጮኻል። ሰው በሌለበት መንገድ ላይ አልፎ አልፎ ጠንከር አድርጋችሁ ፍሬን ያዙ፤ ዝገቱ ይጠረጋል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ቁልቁለት ከጀመራችሁ ሞተሩ ጉልበቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ሸክሙ በሙሉ ዲስኩ ላይ ይወድቃል። ከፍታ ላይ የምትኖሩ ባትሪውን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት።

አዲስ ዲስክና ሸራ ሲገባ

ዲስክ በጥንድ ይለወጣል፤ ግራና ቀኝ። ሸራውም አብሮ አዲስ ይሁን፤ አሮጌ ሸራ የአሮጌውን ዲስክ ቦይ ይዞ ይመጣል። የፋብሪካውን መከላከያ ዘይት በፍሬን ማጽጃ እጠቡ። ከዚያ ማለማመድ ያስፈልጋል። ከ60 ወደ 15 ኪሎ ሜትር አሥር ጊዜ ያህል፣ መካከለኛ አያያዝ እየያዛችሁ ፍጥነት ቀንሱ፤ በመካከል እየነዳችሁ እንዲበርድ ጊዜ ስጡት። ጭራሽ አትቁሙ። ስትጨርሱ ለአሥር ደቂቃ ያህል ፍሬን ብዙ ሳትነኩ ንዱ። ገና እንደጋለ ፔዳሉን ረግጣችሁ መብራት ላይ ከቆማችሁ፣ ሸራው በቆመበት ቦታ ከራሱ ላይ ስስ ሽፋን ዲስኩ ላይ ይተዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል።